ያለ ድጋፍ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ፤
ስድስት ደቀ መዝሙር ከቃሬዛው ጋራ
ከበዓታ ወርደው መሪጌታን አመጡ፤
እግሮቻቸው ግና አብረው አልመጡ።

«ሐሙስ ለት የእግሬን ጣት ነዘር አደረገኝ፣
እሑድ በቅዳሴ ጉልበቴ ከዳኝ፣
ዛሬ ደግሞ ይኸው ትራሱ ከበደኝ።»

መዶሻዬን ይዤ ጉልበታቸውን መታሁ፤
ዝም። ደገምኩ። ዝም። ወደ ሌላው ዞርሁ።
«ቆዳው የረጠበ ከበሮ ነው» አሉኝ፤
እሳቸው ሳቁበት፣ እኔን ግን ጨነቀኝ።

«በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩ፣ እስቲ የቻሉትን።»
በዜማ የኖሩ፣ ያነጉ ሌሊቱን፣
«አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ» እያሉ
«ዐሠርቱ ወአሐዱ» ላይ አየር አጡና ዝም አሉ።

ለልጃቸው ለአትጠገብ በረንዳ ላይ ነገርኳት፦
«ያ የያዛቸው ተቅማጥ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣
ሌባ ነበር፤ ወጣ። ዘበኛው አልሰማም፤
ዱላውን እንደያዘ በጨለማ አልተኛም፤
የጌታውን ጀርባ ሌባ መሰለውና
የነርቩን ልባስ ይልጠዋል ገና።»

«ይድናሉ ወይ?» አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም።
ቅጹን አወጣሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

ቅጹ አጭር ነው፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ።
ዕድሜ? አንዱ ተማሪ ኀምሳ ስምንት አለ፣ አንዱ ስድሳ ሁለት፤
ትንሹን ጻፍኩ፣ ስላዘንኩ። አንድ ነጥብ።
ተቅማጥ? ነበረ። አንድ።
የክንድና የእግር ኃይል፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ተደምሮ? ስድስት።
ከዘጠኝ ስምንት።
ፈተና ቢሆን እሰየው ያሰኛል፤
እዚህ ቤት ግን ብዙ ያገኘ ይጎድላል።

ሠንጠረዡ ይላል፦ እንዲህ ካሉት ሰዎች በስድስተኛው ወር
ያለ ድጋፍ የሚራመዱት ጥቂት ናቸው።
ይህን የቆጠሩት ሩቅ አገር ነው፣
መድኃኒቱ ከበሽተኛው ቀድሞ አልጋው ዘንድ የሚጠብቅበት።
አትጠገብ የስፌት መኪናዋን ሸጣ
ከሚያስፈልገው ግማሹን ገዛች።
እሷን በየትኛው ሣጥን ላስገባት?

ጎን አልጋ ሲሳይነህ ነበር፣ የአዘዞ ባጃጅ ነጂ፤
ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ነጥቡም ሁለት።
«አንተማ ትሄዳለህ» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ።
በዘጠነኛው ሌሊት ልቡ ቆመ።
ጫማው አልጋው ሥር ነበር፣ ማሰሪያው እንደ ታሰረ።

ከዚያ ወዲያ ለማንም አፌን አልሞላሁም።

መሪጌታ ጉሮሯቸው ላይ ቱቦ ገባ።
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ማሽኑ ተነፈሰላቸው፤
መብራት ሲጠፋ እኛ፣ በእጅ፣ እየተቀባበልን፤
አትጠገብም በተራዋ ጨመቀች፣ በአማርኛ እየቆጠረች፣
ጀኔሬተሩ እስኪያጓራ ድረስ።
ማታ ማታ ደቀ መዛሙርቱ በመስኮቱ ሥር ይቆማሉ፤
ሲሳሳቱ መምህሩ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣
ሲያርሙ ይከፍታሉ።

በአርባኛው ቀን የቀኝ አውራ ጣታቸው
በአልጋው ብረት ላይ ወዲህ ወዲያ አለ።
«መንቀጥቀጥ» ብዬ ልጽፍ ስል
ትንሹ ተማሪ እጄን ያዘኝ፦
«ዶክተር፣ ዝማሜ ነው።»
ቅጹ ለዝማሜ ነጥብ የለውም።

ስድስተኛው ወር ላይ፣ በቀጠሮው ዕለት
ኮቴ ተሰማኝ፤ ሁለት እግር፣ አንድ እንጨት።
ቅጹ ይጠይቃል፦ ዐሥር ሜትር፣ ያለ ድጋፍ?
«መቋሚያውን» አልኩ «ያስቀምጡት ከደጃፍ።»
ቆም ብለው አዩኝ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ፦
«አርባ ዓመት አቋቋም ሳስተምር ነዋሪ፣
በደኅናው ዘመኔ፣ ገና ሳልታመም፣
ያለዚህማ፣ ልጄ፣ ቆሜም አላውቅም።»

ብዕሬ በ«አዎ» እና በ«አይ» መካከል ቆመ።
ከውጭ የሌላ ሰው ስም ተጠራ።
ሣጥኖቹን ባዶ ትቼ
ቀኑን ብቻ ጻፍኩ።